ሦስተኛው ዕግድ

ሠላሳ አንድ ዓመት ቶሊዶ ከተማ ውስጥ ፖስታ አድያለሁ። ውሻ ነክሶኛል፣ በረዶ አንሸራቶ ጥሎ ጉልበቴን ሰብሮኛል፣ አንድ ሽማግሌ የጡረታ ቼኬ ዘገየ ብሎ መጥረጊያ ይዞ እስከ መንገዱ ጫፍ አባሮኛል። ደብዳቤ ግን አስቀርቼ አላውቅም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ዋናው ምክንያቴ ግን ያስቀረሁትን አንዱን ፖስታ ልናገር ስለሆነ ነው። ላኪው ደግሞ ባዕድ አልነበረም፤ የገዛ ወንድሜ ነው።

ነገሩ አፍጥጦ የመጣው ባለፈው መጋቢት፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ድንች እልጣለሁ። ቴሳ ደግሞ ስልኳን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ድምፁን ለቃ፣ ድርጅቶች ሰው ሲያስጠብቁ የሚከፍቱትን አሰልቺ ሙዚቃ ታዳምጣለች። ቴሳ የሟቹ ወንድሜ የሮማን ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ እናቷ አሪዞና ሌላ ትዳር ይዛ ስለነበር እኔ ጋ ገባች። አሁን አሥራ ዘጠኝ ሞልቷታል። ራጅ ማንሳት ትማራለች፤ ከምትለማመድበት ሆስፒታል አምስት ደቂቃ የሚያስኬድ፣ ፎቅ ላይ ያለ፣ አንዲት ክፍልና ግማሽ የምትሆን ቤት አግኝታ ከደስታ ብዛት እግሯ መሬት አይነካም ነበር።

የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ብሮዲ ልጅቷን ወደዋታል። ግን መውደድ ለብቻው ቤት አያስገባም። አከራይ ሁሉ እንደሚያደርገው የብድር መዝገቧን፣ ዕዳዋን በጊዜው ትክፈል አትክፈል የሚያሳየውን፣ ማየት አለባቸው። መዝገቡን የሚይዙት ሦስት ድርጅቶች ናቸው፤ ወይዘሮ ብሮዲ ደግሞ ጠንቃቃ ናቸውና ከሦስቱም ነው የሚጠይቁት። ሲጠይቁ ሦስቱም አንድ ዓይነት መልስ ሰጧቸው፤ መዝገቡ ዕግድ አለበት፣ የመዝገቡ ባለቤት ዕግዱን እስክታነሳ ለማንም አናሳይም። ቴሳ ደግሞ ዕግድ ማስጣሏ ቀርቶ መዝገብ እንዳላትም የምታውቅ አልነበረችም። ወይዘሮ ብሮዲ እስከ ሐሙስ አሥር ሰዓት እጠብቅሻለሁ አሏት፤ ከዚያ በኋላ ቤቱን ለሚጠባበቁት ባልና ሚስት ይሰጡታል።

ሁለቱን ድርጅቶች የመታወቂያዋን ፎቶ ልካ ዕግዱን አስነሳቻቸው። ሦስተኛው አስቸገረ።

ሙዚቃው ቆመና አንዲት ሴት መጣች።

"ዕግዱ የተጣለው እርስዎ ገና ልጅ ሳሉ ነው" አለች ሴትየዋ። "ያኔ በደብዳቤ የላክነው ባለ አሥር አኃዝ ቁጥር አለ። እሱን ቢነግሩኝ አሁኑኑ አነሳልዎታለሁ።"

"ምንም ቁጥር የለኝም" አለች ቴሳ።

"እሺ። ዕግዱን ያስጣለው ማን እንደሆነ ሊነግሩኝ ይችላሉ?"

ቴሳ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ድንቹን ከልክ በላይ እልጣለሁ።

"አክስቴ ትሆናለች። እንዲህ ያለ ነገር የምትወድ እሷ ናት።"

"ይቅርታ፣ ከያዝነው ጋር አይገጥምም" አለች ሴትየዋ። ያለ ቁጥሩ የልደት ምስክር ወረቀትና ሌላም ሌላም በፖስታ መላክ እንደሚኖርባት፣ ደርሶ እስኪታይ ቀናት እንደሚፈጅ በትሕትና አስረዳችና ተሰናበተች።

አይገጥምም ስትል ቆንጠጥ አደረገኝ። የማይረባ ነገር ነው፤ ሕጉ ልጅ ላይ ዕግድ እንዲያስጥል የሚፈቅደው ለወላጅ ወይም ለአሳዳጊ ነው፣ እኔ ያኔ አክስት ብቻ ነበርኩ። ቢሆንም በልቤ ያ ዕግድ የእኔ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ የእኔ ነበር።

"አክስቴ" አለች ቴሳ።

"አቤት።"

"ማን ነው የቆለፈብኝ?"

"ምን አውቄ።"

"ተይ እንጂ! አንቺ ሳታውቂ በዚህ ሰፈር ድመት አትወልድም። እማዬ ናት?"

"እናትሽ? እናትሽ ቴምብር በየትኛው ጎን እንደሚለጠፍ አታውቅም።"

ሳቀች። ሳቋ የአባቷ ነው፤ በአፍንጫ ይጀምራል። ከዚያ የስልኳን ጀርባ በጣቷ መታ መታ አደረገች።

"በቃ ቀረ ማለት ነው" አለች። "ነገ ለወይዘሮ ብሮዲ ደውዬ ይተዉት እላለሁ።"

እውነቱን ልናገር። ያን ጊዜ ደስ አለኝ። ትቀራለች ማለት ነው፤ ማታ በሩ ሲከፈት እሰማለሁ፣ ጫማዋን ደረጃው ላይ ትታ ታናድደኛለች፣ እሁድ ቁርስ እንበላለን። ቁጥሩ የት እንዳለ ደግሞ በደንብ አውቅ ነበር። መኝታ ቤቴ፣ ከአልጋዬ ትይዩ ባለው ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ በሮማን የቦሊንግ ኳስ ቦርሳ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ያን ጊዜ የሆነውን ልናገር።

ሮማን የመስታወት ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ተቀነሰ። ያው በዚያው ዓመት ሚስቱ ሄደች። የድሮ ያልተከፈለ ሒሳብ ስለነበረበት በእሱ ስም የቤት ማሞቂያ ጋዝ የሚከፍትለት ጠፋ። እና ምን አደረገ? በልጁ በቴሳ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው በሚሰጠው መለያ፣ አስከፈተ። በሰፈራችን እንዲህ ያደረገ እሱ የመጀመሪያው አልነበረም። ሰው ሲጨንቀው የልጁን ስም ለመብራት፣ ለስልክ፣ ለጋዝ ያውለዋል። ልጁ አድጎ ቤት ሊከራይ ሲል ነው ስሙ ገና በአሥር ዓመቱ መበላሸቱን የሚሰማው። ፖስታ በማድልበት መንገድ ላይ የነበሩ ሁለት ልጆች እንዲህ ሆነው አይቻለሁ፤ አንደኛዋ በረንዳዋ ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ ደብዳቤዋን እጇ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

የሮማንን ያወቅኩት በሥራዬ ነው። የእሱ ጎዳና የእኔ መንገድ ነበር። ለጉልበቴ ቀዶ ሕክምና አንድ ወር ተኩል ተኝቼ ሥራ በተመለስኩበት ሳምንት፣ ዓርብ ዕለት፣ ከቦርሳዬ አንድ ፖስታ ወጣ። ከጋዝ ኩባንያው ነው፤ የተጻፈው ለቴሳ ፒየትራክ። ልጅቷ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። የጋዝ ኩባንያ ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጋር ምን ጉዳይ አለው?

ፖስታ አዳይ የሰው ደብዳቤ አይከፍትም። ወንጀልም ነው፣ ነውርም ነው። ግን መክፈት አያስፈልገንም። የፖስታው ቀለም፣ መስኮቱ፣ ከማን እንደመጣና በወር ስንቴ እንደሚመጣ ሁሉን ይነግረናል። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሚፋታ፣ ማን ከቤቱ ሊወጣ እንደሆነ ከጎረቤቱ ቀድሜ አውቅ ነበር። ከውጭ አይቼ ተሳስቼም አላውቅም እል ነበር።

ደሜ ፈላ። ሥራዬን እንደጨረስኩ የደንብ ልብሴን እንኳ ሳላወልቅ ሄድኩበት። ዎላይ የሚባለው ዓሣ ከሐይቁ ወደ ወንዙ የሚወጣበት ወቅት ነበር፤ በዚያ ጊዜ የከተማው ወንድ ሁሉ እስከ ወገቡ ሞሚ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ይቆማል። ሮማንም ጧት ሄዶ ይዞ መጥቶ፣ ጓሮ በረንዳው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ዓሣ ያጸዳል። ጾም ስለነበር ዓርብ ዓርብ እኛ ካቶሊኮች በሥጋ ፋንታ ዓሣ ነው የምንበላው።

"የገዛ ልጅህን!" አልኩት ፖስታውን አፍንጫው ላይ ይዤ። "አፈር ብላ! የገዛ ልጅህን ስም ለጋዝ ትሸጣለህ?"

ቀና አለ። እጁ በቅርፊት ተሞልቷል።

"ዋንዲ፣ ቀስ በይ፣ ቴስ ውስጥ ናት።"

"ቀስ አልልም! ነገ ለመብራት፣ ከነገ ወዲያ ለመኪና ታውለዋለህ፤ ልጅቷ አድጋ አንድ ክፍል መከራየት ያቅታታል። ሰኞ ሦስት ደብዳቤ ጽፌ አመጣለሁ። ለሦስቱም ድርጅት። በስሟ ማንም ሒሳብ እንዳይከፍት በመዝገቧ ላይ ዕግድ እንዲጣል ትፈርማለህ። አልፈርምም ካልክ ፖሊስ ጋ የምሄደው እኔ ነኝ፤ እህቴ ናት ብለህ እንዳትዘናጋ!"

ሌላም ብዙ አልኩ። እናታችን ብትሰማ ከመቃብሯ ትነሳ ነበር፣ አልኩ። አንተ ወንድ አይደለህም፣ አልኩ። እሱ ቢላውን እንደያዘ ሰማኝ። ስጨርስ ቢላውን ጋዜጣው ላይ አስቀመጠ።

"እሺ ዋንዲ" አለ። "የት ነው የምፈርመው?"

ሰኞ ሦስቱን ደብዳቤ ጽፌ ወሰድኩ፤ ሦስቱንም ፈረመ፤ ሦስቱንም በአደራ ፖስታ ላክኩ። ከሁለቱ ድርጅቶች መልሱ መጣ። በቦርሳዬ ነው የመጣው፤ በእጄ ነው ሳጥኑ ውስጥ የከተትኩት። የሦስተኛውን አላየሁም፤ ተለዋጭዋ ፖስታ አዳይ በእኔ ዕረፍት ቀን አድርሳው ይሆናል ብዬ ተውኩት። ከዚያ ወዲያ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እኔ ግን በየዓርቡ፣ ደብሩ አዳራሽ የዓሣ ጥብስ ስንበላ፣ ልጅቷን አይቼ በሆዴ እኮ እኔ ነኝ ያዳንኩሽ እል ነበር። እሱንም አይ ነበር። ምን ብዬ እንደማየው ያውቃል።

በሚቀጥለው ዓመት መኸር ላይ ሮማን ሞተ። ጉበቱ ነው። ቤቱ ሶፋ ላይ ተኝቶ ሳለ አንድ የታሸገ ፖስታ ሰጠኝ። በእጅ ጽሑፉ ቴሳ ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት።

"አድርሺላት" አለኝ። "አንቺ ደብዳቤ አስቀርተሽ አታውቂም።"

ውስጡ ምን እንዳለ ለማየት አልከፈትኩትም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የያዘኝ አመል የገዛ ወንድሜም ሲሆን አይለቀኝም። ግን ደብዳቤውን በእጄ ስመዝነው ገባኝ። ከድርጅቶቹ የተላከ ወረቀት አለበት፤ ዕግዱን የሚያነሳው ቁጥር አለበት። ቁጥሩ ባለበት ደግሞ ምክንያቱ አለ። ልጅቷ አባቷ ምን እንዳደረገ ማወቋ ነው።

አሥራ ስድስት ሲሞላት ፖስታውን ከቦርሳው አወጣሁት። በዚያው ሳምንት ለክፍሏ አንድ ጽሑፍ ጽፋ አነበበችልኝ። ስለ አባቷ ነው። አባቴ በሕይወቱ አንድም ሰው አልበደለም ይላል። አልጋዋ ትይዩ የሰቀለችው ፎቶ አለ፤ ሮማን ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ አንድ ትልቅ ዎላይ በሁለት እጁ ይዞ ይስቃል። ከእሱ የቀራት ይኸው ነው። ፖስታውን መለስኩት። ሌላ ጊዜ አልኩ። ሌላ ጊዜ አሥራ ሰባት ሆነ፣ አሥራ ስምንት ሆነ።

ሐሙስ ጧት ተነስቼ ፒየሮጊ፣ በሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀለውን ምግብ፣ መሥራት ጀመርኩ። ቴሳ የምትወደው በድንችና በአይብ የተሞላውን ነው። ዕድሜ ለጉልበቴ፣ ከጡረታ ወዲህ ለልደትና ለገና ካልሆነ አልሠራውም። ሰባት ሰዓት ላይ ከትምህርት ስትመለስ ጠረጴዛው ሙሉ ነበር።

"የማን ልደት ነው?" አለች።

"ሰው ካልተወለደ አይበላም?"

ተቀምጣ አንዱን ጎረሰች። ፊቷ ገርጥቶ ነበር። "ወይዘሮ ብሮዲ ጋ ልደውል ነው" አለች። "ምን ይደረግ። እንግዲህ እዚሁ አብረን እናረጃለን። አንቺ ጉልበትሽን ትይዣለሽ፣ እኔ ወገቤን። ሁለት ድመት እንገዛለን።"

ቀልዷ ነው። እንዳይከፋኝ ብላ ነው። ያኔ ጠረጴዛውን አየሁት። ጧት ተነስቼ ሊጥ ያቦካሁት ልጅቷ ቤት ስላጣች ነው፤ ድግስ ደግሼ ኖሯል! እንዲህ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም። ሮማን ዓሣ ሲያጸዳ የሰደብኩት ስድብ ሁሉ ተመልሶ ጆሮዬ ላይ ጮኸ፤ የልጅቷን ስም ይዤ ለራሴ ጥቅም ያዋልኩት አሁን እኔ ነኝ።

"አትደውዪ" አልኳት። መኝታ ቤት ገብቼ ወንበር ላይ ወጣሁና ቦርሳውን አወረድኩ።

ፖስታውን ከመስጠቴ በፊት ልንገራት ብዬ ቆሜ ነገርኳት። ስለ ጋዙ፣ ስለ ፖስታው፣ ስለ ጩኸቴ፣ ስለ ሦስቱ ደብዳቤዎች። "አባትሽን አትፍረጂበት" አልኩ። "ጨንቆት ነው። ደግሞ ጉዳቱ ሳይከፋ በጊዜ ደረስኩ፤ አስፈረምኩት፤ ምንም አልሆንሽም።" ስናገር ለእሱ የምለምን ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው በየዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ራሴን ነው ያስቀመጥኩት።

ቴሳ ፖስታውን ተቀበለችኝ። ገልብጣ አገላብጣ አየችው።

"ይሄ የአባዬ ጽሑፍ ነው።"

"አዎ።"

"አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት ይላል።"

"አዎ።"

"እኔ አሥራ ዘጠኝ ነኝ።"

"አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ።"

"አክስቴ፣ አንቺ ፖስታ አዳይ አይደለሽም እንዴ?"

በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ የድንቹን ቢላ አንስታ ፖስታውን በጥንቃቄ ከፈተች። ሁለት ወረቀት ነው። አንደኛው የድርጅቱ፣ ሌላው ከደብተር የተገነጠለ። መጀመሪያ የድርጅቱን አየች፤ ከዚያ የደብተሩን አነበበች፤ ከዚያ ተመልሳ የድርጅቱን አየች። ግንባሯን ቋጠረች።

"መቼ ነበር የጮህሽበት ያልሽኝ?"

"ዓርብ ነው። መጋቢት ሃያ ሁለት። ከጉልበቴ ተነስቼ ሥራ የገባሁበት ሳምንት ስለሆነ አልረሳውም።"

"ይሄ የካቲት አሥራ ዘጠኝ ይላል።"

"ተሳስተሻል። አምጪ።"

መነጽሬን አደረግሁ። አልተሳሳተችም። የካቲት አሥራ ዘጠኝ፤ ጥያቄዎን ተቀብለን በልጅዎ መዝገብ ላይ ዕግድ ጥለናል ይላል። ከሥሩ ባለ አሥር አኃዙ ቁጥር። እኔ ጉልበቴን ታስሬ ቴሌቪዥን ሳይ፣ ደብዳቤዬን ሳልጽፍ፣ ሳልጮህ፣ ከወር በፊት። ሦስተኛው መልስ በቦርሳዬ ያልመጣው ለዚህ ነው። ቀድሞ መጥቶ ነበር።

ቴሳ የደብተሩን ወረቀት ጮክ ብላ አነበበችልኝ። 

"ቴስዬ። ቤቱ በበረደ ጊዜ በአንቺ ቁጥር ጋዝ አስከፍቻለሁ። ሌላ መንገድ ነበረኝ፤ ዋንዳን መጠየቅ። አፈርኩ። በየካቲት ደግሞ የመብራቱን ቅጽ ይዤ ተቀመጥኩ። ስምሽን ጽፌ ስጨርስ ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው እንዳልከበደኝ አየሁ። ያ አስፈራኝ። ቅጹን ቀደድኩና ለዚህ ድርጅት ጻፍኩ። ዕግድ የሚያስጥል ሰው ከሌባ ልጠበቅ ብሎ ነው። እኔ ያስጣልኩት ከራሴ ልጠብቅሽ ብዬ ነው። አንዱን ብቻ ማስጣል እንደማይበቃ አላወቅኩም ነበር፤ ሌሎቹን ሁለቱን ዋንዳ አስፈረመችኝ። ሦስቱንም እሷ ያዳነች መስሏታል። ተያት። ጩኸቷ ይገባኝ ነበር፤ ደግሞ አንቺን ለማዳን እንደዚያ የሚጮህ ሰው እንዳለሽ ማየቴ ደስ አሰኝቶኛል። የጋዙን ከፍዬ ዘግቻለሁ። ይህን ከእኔ እንድትሰሚው ፈለግሁ፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው። አባትሽ።"

ወረቀቱን አጠፈችው። በታጠፈበት መስመር ነው ያጠፈችው።

"ሦስት ዓመት ከሁለት ወር" አለች።

"እንዳያሳፍርሽ ብዬ ነው። ያን ፎቶ ስታዪ—"

"እኔ አላፈርኩም! ያፈርሽው አንቺ ነሽ። እሱ እንዳውቀው ፈልጎ ነበር። ጽፎ ሰጠሽ እኮ! ሦስት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ አባቴ ማንንም አልበደለም እያልኩ ዞርኩ፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ ታዳምጪኛለሽ።"

ልክ ናት። "ይቅር በይኝ" አልኩ። ትንሽ ነው የወጣኝ፣ ለራሴም አልተሰማኝም።

ስልኳንና ወረቀቱን ይዛ በረንዳ ወጣች። የበረንዳው የሽቦ ወንፊት በር ከኋላዋ ተላጋ። ሰዓቱን አየሁ፤ ስምንት ተኩል። ፒየሮጊው ቀዝቅዞ ቅቤው ረግቷል።

ተቀምጬ ስለ እጁ አሰብኩ። ቅርፊት የሞላው እጁ። ያን ቀን አንድ ቃል ቢናገር አፌን ያስይዘኝ ነበር። ዋንዲ፣ ወር አልፎታል፣ እኔው ጽፌያለሁ ቢለኝ ምን እላለሁ? ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቶ ቢያሳየኝ? አላደረገም። ወንድ አይደለህም ስለው የት ነው የምፈርመው አለኝ። እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን እስከ ሞቱ ድረስ፣ ሶፋው ላይ ሾርባ ሳጎርሰው እንኳ፣ ይቅር እንዳልኩት ሰው ነበር የማየው። ይቅር የሚባል ነገር ከነበረ እሱ ነበር የሚለኝ። ፖስታውን ከውጭ አየሁት፤ ወንድሜንም ከውጭ አየሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት የኮራሁበት ሥራ ይኸው ነው። አለቀስኩ፤ መሐረብ አላገኘሁም፣ በወጥ ቤቱ ፎጣ ነው ያለቀስኩት።

ከበረንዳው ሙዚቃው ይሰማል። ከዚያ ቆመ። ትናንት የነበረችው ሴት አይደለችም፣ ወንድ ነው።

ቴሳ ስሟን ተናገረች። የልደት ቀኗን ተናገረች። ከዚያ አሥሩን አኃዝ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ።

"አመሰግናለሁ" አለ ሰውየው። "አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል። ዕግዱን ያስጣለው ማን እንደሆነ ሊነግሩኝ ይችላሉ?"

"አባቴ" አለች። "ሮማን ፒየትራክ።"

"ይገጥማል። ለዘለቄታው እናንሳው፣ ወይስ ለተወሰነ ቀን?"

"ለተወሰነ ቀን ይቻላል?"

"ይቻላል። ቀኑ ሲያበቃ በራሱ ይመለሳል።"

"ለአንድ ቀን ይሁን" አለች ቴሳ። "ለዛሬ ብቻ። ከዚያ አባቴ እንዳስቀመጠው ይመለስ።"

ወይዘሮ ብሮዲ አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ደወሉ። ቤቱ የእሷ ሆነ።

ቴሳ ዓርብና ቅዳሜን ብዙም ሳታናግረኝ ዕቃዋን በካርቶን ከተተች። ካርቶን እይዝላታለሁ፣ ቴፕ እቆርጥላታለሁ፣ አመሰግናለሁ ትለኛለች፤ ጨዋ ናት፣ ጨዋነቷ ነው የገደለኝ። ፎቶውን መጨረሻ ላይ ከግድግዳው አወረደችው። ክፈፉን ገልብጣ ከጀርባው የደብተሩን ወረቀት አስገባች፣ ከዚያ በፎጣ ጠቀለለችው። የድርጅቱን ወረቀት ግን ጠረጴዛ ላይ ትታው ነበር። የረሳችው መስሎኝ ተከትያት ሄድኩ።

"ቅጂ አንስቻለሁ" አለች። "ዋናውን አንቺ ያዢው። ቀኑን እንድታዪው።"

"አየሁት እኮ።"

"እንደገና እዪው።"

የጓደኛዋ መኪና ሞልቶ በር ላይ ቆሟል። ደረጃውን ወርዳ ቆመች፤ ዞር አለች። እቅፍ ታደርገኛለች ብዬ እጄን ከኪሴ አወጣሁ። አላቀፈችኝም። ግን አልሄደችም።

"አድራሻዬን እስክቀይር ደብዳቤ እዚህ ሊመጣ ይችላል" አለች።

"እንዴታ፣ አስቀምጥልሻለሁ።"

"አታስቀምጪልኝ፣ አክስቴ። አምጪልኝ። በመጣበት ቀን።"

"በመጣበት ቀን" አልኩ።

የመጀመሪያው ማክሰኞ መጣ። ስሟ የተጻፈበት የፒዛ ቤት ማስታወቂያ ነው፤ ሁለት ለገዛ አንድ በነፃ የሚል። ዝናብ ይዘንብ ነበር፣ ጉልበቴም ከጧት ጀምሮ ይወጋኛል። የድሮውን የዝናብ ካፖርቴን ለበስኩና ሁለት አውቶቡስ ይዤ፣ አሥራ ሰባት ደረጃ ወጥቼ፣ በሯን አንኳኩቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።